የጌም ማውስን ጠንካራና ደካማ ጎን መዝኖ የመለያ መመሪያ

የጌም ማውስ ሊገዛ ወይም ሊመዝን የተነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፉት ቁጥሮች ላይ ነው፤ 26,000 ዲፒአይ (ጠቋሚው ለእጅ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ምላሽ መጠን)፣ 8,000 ሄርዝ (ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ መረጃ እንደሚልክ)፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ክሊክ የሚሉት። ቁጥሮቹ ውሸት ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ ማውሱ በእጅዎ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን አይነግሩዎትም። ማውስ ስቀያይርና ስፈትሽ በቆየሁባቸው ዓመታት እንከን የሌለበት ማውስ ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ጉድለት ባገኘሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ በኋላ ሊታረም ይችላል ወይስ ከማውሱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው? ዲፒአይ ከፍና ዝቅ ይደረጋል፣ ያለቀ የታች እግር (ማውሱ የሚንሸራተትበት ስስ ንጣፍ) ይቀየራል፣ ሙልጭ ያለ ጎን ላይ ሻካራ ቴፕ ይለጠፋል፤ ከእጅዎ ጋር ያልተስማማ ቅርጽ ግን በምንም ሶፍትዌር አይቃናም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘረጋው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ሊታረም ከማይችለው ይጀምርና ወደሚታረመው ይወርዳል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

የሴንቲሜትር ማስመሪያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት፣ ሁለት የማይፈለጉ ሲዲዎች፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያለ ማንኛውም የሥዕል ፕሮግራምና ጠንቅቀው የሚያውቁት አንድ ጌም ይበቃሉ። አዲስ ጌም አይምረጡ፤ ስህተቱ የማውሱ ይሁን የእርስዎ መለየት ያቅትዎታል። እስከዛሬ ሲጠቀሙበት የነበረውንም ማውስ ከአጠገብዎ አያርቁ፤ ለማነጻጸሪያ ከእሱ የተሻለ የለም።

በዊንዶውስ የሚሠሩ ከሆነ ወደ ማውስ ቅንብር ገብተው የጠቋሚውን ትክክለኛነት «ያሻሽላል» የተባለውን አማራጭ ያጥፉት። ይህ አማራጭ እጅዎ ሲፈጥን ጠቋሚውን ከእጅዎ ይልቅ ያስፈጥነዋል፤ በዚህ ሁኔታ የሚወሰድ ልኬት ሁሉ የተዛባ ይሆናል። የጠቋሚውን ፍጥነት ከ11ዱ እርከኖች መካከለኛው፣ ማለትም 6ኛው ላይ ያድርጉት፤ የስክሪኑንም ማጉሊያ 100 በመቶ ላይ ይመልሱት። የቀድሞ ቅንብርዎን ግን ሳይነኩት በፊት በወረቀቱ ላይ መጻፍ አይርሱ።

ደረጃ 1፦ እጅዎን ይለኩ፣ ከዚያ ቅርጹን ይፈትሹ

የእጅዎን ርዝመት ከአንጓው መስመር እስከ መሃል ጣትዎ ጫፍ፣ ስፋቱንም አውራ ጣትን ሳይጨምሩ በጣቶች መነሻ ላይ ለክተው ይመዝግቡ። በተጫዋቾች ዘንድ የተለመደው መነሻ የማውሱ ርዝመት የእጅ ርዝመት 60 በመቶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል የሚለው ነው፤ 18.5 ሴንቲሜትር ለሆነ እጅ ወደ 11 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ይህ ፍለጋውን የሚያጠብ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የሚበልጠው ጉዳይ ማውሱን የሚይዙበት መንገድ ነውና።

አያያዝ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሰው መዳፉን ሙሉ በሙሉ በማውሱ ጀርባ ላይ ያሳርፋል፤ አንዳንዱ የመዳፉን ታች ብቻ አሳርፎ ጣቶቹን እንደ አሞራ ጥፍር ያጥፋል፤ ሌላው ደግሞ መዳፉን አንሥቶ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይይዛል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ቁጭ ብለው በማሰብ አይወስኑ፤ ሰው ሲጠየቅ የሚያሳየው አያያዝና ጌሙ ሲጋጋል የሚይዘው አያያዝ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስልክዎን ከጎን አቁመው ለ10 ደቂቃ ሲጫወቱ እጅዎን ይቅረጹና በኋላ ይመልከቱት። መዳፍን ሙሉ ለሚያሳርፍ ሰው ከፍ ያለና ረዘም ያለ ጀርባ ይስማማዋል፤ ጣቱን ለሚያጥፍ ጉብታው ወደ ኋላ ያዘነበለ ይሻላል፤ በጣት ጫፍ ለሚይዝ ደግሞ አጠር ያለና ዝቅ ያለ ማውስ ጣቶቹ ወደፊትና ወደኋላ የሚጫወቱበት ቦታ ይሰጠዋል።

አሁን ማውሱን ይያዙና ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ። አንደኛ፣ ትንሿ ጣትዎና የቀለበት ጣትዎ የት እንደሚያርፉ ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ሁሉም ልኬቱ ያማረ ማውስ ገዝቼ ነበር፤ ሴንሰሩ (እንቅስቃሴውን የሚያነበው ክፍል)፣ ክሊኩ፣ ክብደቱ ምንም አይወጣለትም ነበር። የቀኝ ጎኑ ግን ከታች ወደ ውስጥ የገባ በመሆኑ ትንሿ ጣቴ ማረፊያ አጥታ በፓዱ (ከማውሱ ሥር በሚነጠፈው ምንጣፍ) ላይ ትጎተት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ በሦስተኛው ሳምንት የጣቴ ጎን ቆዳ ቀልቶ መቃጠል ሲጀምር ማውሱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁለተኛ፣ ማውሱን ከፓዱ ላይ 20 ጊዜ ያንሡና ይመልሱት፤ ለማንሳት ጣቶችዎን መጭመቅ ካስፈለገዎት ጎኖቹ ወይ አንሸራታች ናቸው ወይ ለእጅዎ ሰፊ ናቸው። ማንሸራተቱ በቴፕ ይታረማል፤ ስፋቱ አይታረምም። ሦስተኛ፣ አንጓዎ ወደ ላይ ተቀስሮ እንደሆነ ከጎን ይዩት፤ የተቀሰረ አንጓ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድካሙን ይናገራል።

ግራኝ የሆነ አንባቢ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነ ማውስ ሁሉ ለግራኝ የተሠራ አይደለም፤ የጎን ቁልፎቹ በግራ በኩል ብቻ ከሆኑ ለእሱ እንደሌሉ ይቆጠራሉ።

ደረጃ 2፦ ክብደትና ሚዛን

ዛሬ ለፉክክር የሚሠሩ ብዙ ማውሶች ከ50 እስከ 65 ግራም ይመዝናሉ፤ ከ100 ግራም በላይ የሆኑ ማውሶች ቀድሞ የተለመዱ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ቀላል ማውስ ለማስጀመርም ለማስቆምም አነስተኛ ኃይል ስለሚጠይቅ ፈጣን ማነጣጠር ባለበት ጌም ይጠቅማል፤ ከባዱን የለመደ እጅ ግን መጀመሪያ ላይ ኢላማውን አልፎ ስለሚሄድ ከሳምንት በታች በሆነ ልምምድ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ከግራሙ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ሚዛኑን ነው። ማውሱን በሁለት ጣቶች ልክ በመሃሉ ጎንና ጎን ይዘው ወደ ላይ ያንሡት፤ አፍንጫው ወይም ጀርባው ከዘቀዘቀ ክብደቱ ወደዚያ ያጋደለ ነው። በድንጋይ የሚሠሩ ገመድ አልባ ማውሶች ላይ ይህ በጉልህ ይታያል፤ አንድ ተራ ዳብል ኤ የአልካላይን ባትሪ ድንጋይ ብቻውን 23 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከኋላ ሲቀመጥ ጀርባውን ይጎትተዋል።

ደረጃ 3፦ ቁልፎቹ

ማውስ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ቁጥር አንዱ ቁልፍ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። በአብዛኞቹ ማውሶች ውስጥ ከቁልፉ ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ስስ የብረት ምላስ አላት። ሲጫኑ ምላሷ ከሌላ ብረት ጋር ትገናኛለች፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ጸጥ ብላ አትቆምም፣ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ትንቀጠቀጣለች። ማውሱ ያንን መንቀጥቀጥ እንደ ብዙ ክሊክ እንዳይቆጥር ጥቂት እንዲጠብቅ ተደርጎ ይሠራል። ብረቱ ሲያረጅና ሲዝግ መንቀጥቀጡ ከመጠበቂያው ጊዜ ይረዝማል፤ ያኔ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ሁለት ክሊክ ይመዘገባል። በብርሃን ጨረር የሚሠሩ ማብሪያዎች ከዚህ በሽታ ነጻ ናቸው፤ ክሊኩ የሚመዘገበው ብረት ከብረት በመገናኘቱ ሳይሆን ጨረሩ በመቆረጡ ወይም በመከፈቱ ነው። በአንጻሩ የአጫጫናቸው ስሜት ከማውስ ማውስ ስለሚለያይ ሳይነኩ አይግዟቸው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። በዴስክቶፑ ላይ ያለ አንድ ፎልደርን በግራ ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ፣ በመሃሉ ሁለት ሰከንድ ያህል እየጠበቁ፣ 100 ጊዜ ይጫኑት። ፎልደሩ አንድ ጊዜም እንኳ ከተከፈተ ማውሱ አንዱን ክሊክ ሁለት አድርጎታል ማለት ነው። ቀጥለው አንድ ፋይል ይዘው ቁልፉን ሳይለቁ በስክሪኑ ላይ ለ30 ሰከንድ እያሽከረከሩ ይጎትቱት፤ መንገድ ላይ ከጣለው ግንኙነቱ ይቆራረጣል። ይህ ሁለተኛው ፍተሻ የመጣልኝ ከራሴ ችግር ነው። የቀኙን ቁልፍ ተጭኖ ማነጣጠርን በሚጠይቅ ጌም ውስጥ ማነጣጠሪያው ሳላስበው ይለቅብኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቴ ደክሞ ነው ብዬ ቁልፉን ይበልጥ አጥብቄ ስጫን ከረምኩ፤ ፋይል ስጎትት ሲጥልብኝ ነው ጥፋቱ የማብሪያዋ መሆኑን ያየሁት።

ከዚያ የቁልፉን ጠባይ ይመርምሩ። ጫፉን፣ መሃሉን፣ ወደ መዳፍ የተጠጋውን ክፍል ተራ በተራ ይጫኑ፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ መጠነኛ መክበድ ያለ ነው፣ ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን ጣቱን ለሚያጥፍ ሰው ድክመት ነው። ቁልፉን በጣትዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዙት፤ ክሊክ ከማለቱ በፊት ባዶ መውረድ አለው ወይ? ከክሊኩስ በኋላ እየሰመጠ ይቀጥላል ወይ? ሁለቱም ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ፣ በቀን በሺህ ጊዜ ለሚጫን ቁልፍ ግን ትንሽ አይደሉም። የጎን ቁልፎችን አውራ ጣትዎን ከማረፊያው ሳያነሡ መድረስ መቻል አለብዎት፤ በተቃራኒው ማውሱን ጨመቅ ሲያደርጉ ሳይፈልጉ የሚጫኑ ከሆነ ቦታቸው አልተስማማዎትም።

የስክሮሉን ጎማ ረጅም ጽሑፍ ከፍተው አንድ አንድ ጥርስ እየቆጠሩ 50 ጊዜ ወደ ታች ያዙሩት። ገጹ አንድ ጊዜም ቢሆን ወደ ላይ ከዘለለ ውስጡ ያለው ቆጣሪ አስተማማኝ አይደለም፤ ጎማውን ራሱን ሲጫኑም አብሮ መሽከርከር የለበትም።

ደረጃ 4፦ ሴንሰሩ

ሴንሰር ማለት በብርሃን እየታገዘ የፓዱን ገጽ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ፎቶ የሚያነሳ ጥቃቅን ካሜራ ነው፤ አንዱን ፎቶ ከቀጣዩ ጋር በማነጻጸር ማውሱ ምን ያህልና ወዴት እንደተጓዘ ያሰላል። ዲፒአይ የሚባለው ማውሱ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲሜትር ሲጓዝ የሚልከው የቆጠራ ብዛት ነው። እንግዲህ 26,000 ዲፒአይ ስፋቱ 1,920 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ ምን ማለት እንደሆነ ያስሉት፤ ጠቋሚው ከዳር እስከ ዳር የሚደርሰው ማውሱ 2 ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ሲንቀሳቀስ ነው። በዚህ መጠን የሚጫወት እጅ የለም፤ ብዙ ሰው የሚጫወተው ከ400 እስከ 1,600 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ዲፒአይ እንደ ጥንካሬ አይመዝገብ።

የመከታተል ፍጥነትም እንዲሁ ነው። ለዓመታት በብዙ ማውሶች ውስጥ የገባው ፒክስአርት 3360 ሴንሰር እስከ 250 ኢንች በሰከንድ እንደሚከታተል ይገለጻል፤ ይህ በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው 3395 ደግሞ 650 ኢንች ይባልለታል። ቁጥሩ ቢጨምርም በፓድ ላይ በሚንቀሳቀስ እጅ ልዩነቱን ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። መፈተሽ ያለባቸው የሚከተሉት ናቸው።

የዲፒአዩን እውነተኛነት ለማየት ማውሱን 400 ላይ ያድርጉት፤ ጠቋሚውን በስክሪኑ ግራ ጠርዝ ላይ አስጠግተው ማስመሪያውን ከማውሱ ጎን ያስተኙ፤ ከዚያ ጠቋሚው ቀኙን ጠርዝ እስኪነካ ድረስ በቀስታና በቀጥታ ይግፉት። በ1,920 ፒክስል ስክሪን ማውሱ 12.2 ሴንቲሜትር ያህል መጓዝ አለበት። በ11.6 ከደረሰ እውነተኛው ዲፒአይ 420 ገደማ ነው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። የ5 በመቶ ልዩነት ማውሱን የሚያስጥል አይደለም፤ ከድሮው ማውስዎ ሲዛወሩ ግን «ለምን እጄ ተበላሸ?» ብለው እንዳይጨነቁ ምክንያቱን ያሳውቅዎታል፤ በጌሙ ቅንብር ውስጥም ይታረማል።

ቀጥሎ የሥዕል ፕሮግራሙን ይክፈቱና በቀስታ ክቦችንና ጋደም ያሉ መስመሮችን ይሳሉ። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተሸራረፈ ሴንሰሩ ይንቀጠቀጣል፤ ዲፒአዩን ከፍ እያደረጉ ደግመው በየትኛው ላይ እንደሚጀምር ይጻፉ። በሌላ በኩል በነጻ እጅ የሳሉት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ካለ ደስ አይበልዎ፤ ማውሱ እንቅስቃሴዎን በራሱ እያቃና ነው፤ ይህም ጥቃቅን ማስተካከያዎችን ይውጥብዎታል። አንዳንዱ ማውስ ይህን በሶፍትዌር ለማጥፋት ይፈቅዳል።

ከዚያ ሁለቱን መጻሕፍት በፓዱ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ያቁሟቸው። በጌሙ ውስጥ ማነጣጠሪያውን በአንድ ቋሚ ነጥብ ላይ አድርገው ማውሱን ከግራው መጽሐፍ ጋር ያስጠጉ፤ በሙሉ ፍጥነት ወደ ቀኙ መጽሐፍ ወርውረው በጣም በዝግታ ይመልሱት። ማነጣጠሪያው ወደዚያው ነጥብ ከተመለሰ ሴንሰሩ ፍጥነትን ከርቀት ጋር አይቀላቅልም። በፍጥነቱ መሃል እይታው ድንገት ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ከተወረወረ ግን ሴንሰሩ መንገዱን ስቷል፤ ፓድ ቀይረው ይሞክሩና ካልተሻሻለ ከማይታረሙት ጋር ይመዝግቡት።

የመጨረሻው ማውሱ ሲነሳ መከታተሉን የሚያቆምበት ከፍታ ነው። የአንድ ሲዲ ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር ነው። ሲዲውን በፓዱ ላይ አድርገው የማውሱ ሴንሰር ልክ በመሃለኛው ቀዳዳ ላይ እንዲሆን ያስቀምጡት፤ ሲዲውንና ማውሱን አንድ ላይ ይግፉ። ጠቋሚው ካልተንቀሳቀሰ ከፍታው ከ1.2 በታች ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ሁለተኛውን ሲዲ ጨምረው ይድገሙት። ማውሱን ደጋግሞ እያነሳ ለሚመልስ ተጫዋች ዝቅ ያለው ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ግንኙነቱ

በ125 ሄርዝ የሚሠራ ማውስ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ በ1,000 ሄርዝ የሚሠራው በየ1 ሚሊሰከንዱ፣ በ8,000 የሚሠራው ደግሞ በየ0.125 ሚሊሰከንዱ መረጃ ይልካል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚደረገው ዝላይ በእጅ ይታወቃል፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለው ግን አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ በሚቆይበት ባለ 60 ሄርዝ ስክሪን ላይ ሊታይ የሚችል አይደለም፤ ፕሮሰሰሩንም ያደክማል፣ የገመድ አልባውንም ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ከ1,000 በላይ ያለውን ጥንካሬ ብለው ከመጻፍዎ በፊት ስክሪንዎን ይጠይቁ።

ለገመድ አልባ ማውስ በዩኤስቢ መቀበያው መጫወትና በብሉቱዝ መጫወት አንድ አይደሉም፤ ብሉቱዝ ለጽሑፍ ሥራ እንጂ ለፈጣን ጌም አይመከርም። መቀበያው በ2.4 ጊጋሄርዝ ስለሚሠራ በሥራ ላይ ያለ የዩኤስቢ 3.0 ወደብና መሣሪያ ሊረብሹት ይችላሉ። ስለዚህ ጠቋሚው ቢቆራረጥ ማውሱን ከመኮነንዎ በፊት መቀበያውን በማራዘሚያ ገመድ ወደ ፓዱ አቅርበው እንደገና ይሞክሩ። እኔ ራሴ ደካማ ብዬ የጻፍኩትን አንድ ማውስ በዚህ መንገድ ስሞክረው መዝገቡን መሰረዝ ግድ ሆኖብኛል።

ባለገመዱን ደግሞ በተለመደው ቦታው አስቀምጠው ይልቀቁት፤ ገመዱ ማውሱን በራሱ ጊዜ ከገፋው ወይም ከጎተተው ደረቅ ነው። የታች እግሮቹ ከቴፍሎን የተሠሩና ጠርዛቸው የተለሰለሰ መሆኑን ይዩ፤ መዳፍዎን ጫን አድርገው በፓዱ ላይ ወደ ማዕዘን ሲጎትቱት የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ይመዝግቡ። ሁለቱም ከሚታረሙት ወገን ናቸው።

ደረጃ 6፦ አካሉና ሶፍትዌሩ

ጎኖቹን በሁለት እጅ ጨመቅ፣ ጀርባውን ጫን አድርገው ያዳምጡ፤ መንጫጫት ወይም መንኳኳት ካለ አገጣጠሙ የላላ ነው። እንደ ጎማ የለሰለሰ ሽፋን በመጀመሪያው ቀን እጅን ያስደስታል፤ ከጊዜ በኋላ ግን የሚጣበቅ የሚሆንበት ብዙ ነው። ሶፍትዌሩን በተመለከተ አንድ ፍተሻ ይበቃል፦ ቅንብርዎን አስቀምጠው ማውሱን ሶፍትዌሩ በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት። ዲፒአዩና የቁልፎቹ ሥራ እንዳስቀመጡት ከተገኙ ማውሱ የራሱ ማህደረ ትውስታ አለው፤ ካልተገኙ ሶፍትዌሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ታስረዋል።

ደረጃ 7፦ ፍርዱን መጻፍ

ወረቀቱን በሦስት ይክፈሉት፦ ጥንካሬ፣ የሚታረም ድክመት፣ የማይታረም ድክመት። አጻጻፍዎ የተለካ ይሁን፤ «ክሊኩ ጥሩ ነው» ከማለት «በ100 ጭነት አንድም ድርብ ክሊክ አልታየም፣ የግራው ቁልፍ ወደ ጎን ይወዛወዛል» ማለት ይሻላል። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር በሚጫወቱት ጌም ዓይን ይመልከቱት። በተኩስ ጌም ላይ ቅርጽ፣ ክብደትና ሴንሰር ይቀድማሉ፤ ሠራዊት በሚታዘዝባቸው የስትራቴጂ ጌሞች ቀኑን ሙሉ የማያደክም ክሊክ ይበልጣል፤ ብዙ ትእዛዝ ባለባቸው ጌሞች ደግሞ 12 የጎን ቁልፍ ያለው ከባድ ማውስ ከ55 ግራሙ ይሻላል። ያው አንድ ባሕርይ በአንዱ ወረቀት ጥንካሬ፣ በሌላው ድክመት ሆኖ ቢጻፍ አይገረሙ። የማይታረም ድክመት በቅርጹ ላይ ካለ፣ የቀረው ምንም ያህል ቢያምር፣ ማውሱን መልሱት እላለሁ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሰው ወረቀቱን አይጣሉት። በተከታታይ ሁለት ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ አንጓዎንና ጣቶችዎን ፈትሸው ይጨምሩበት፤ የመመለሻው ወይም የዋስትናው ጊዜ ከማለፉ ጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ የ100 ክሊኩን፣ የፋይል መጎተቱንና የስክሮሉን ፍተሻ ደግመው ውጤቱን ከመጀመሪያው ቀን ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት።